ቆጮ፣ ጥሬ ዓሣና ባል

ያን ባለ ተረከዝ ጫማ ከጫጉላ ሻንጣሽ አውጪው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ወርደሽ የዓሣ ቅርፊትና እርጥብ ሣር ስትረግጪ ታዝኚበታለሽ። በምትኩ ወፍራሙን ሹራብ አስገቢ። «አርባ ምንጭ እኮ ይሞቃል» እንዳትዪኝ። አርባ ምንጭስ ይሞቃል፤ ከዚያ 37 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ያለችው ጨንቻ ግን ደጋ ናት፣ ዶርዜም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ሐይቅ ዳር በካናቴራ ቁርስ የበላ ሰው ከሰዓት በኋላ ጋቢ ይለምናል። የባልሽንም ሹራብ ጨምሪ። «እኔ አይበርደኝም» ይልሻል፤ ሁሉም እንደዚያ ይላሉ።

ደግሞ «ከጀርባዬ ቆመሽ አታጉረምርሚብኝ» ብለሽ አትቆጪ። ከሠርጉ ጀምሮ ሰው ሁሉ ስለ ፍቅርና ስለ ትዕግሥት ሲመክርሽ ሰንብቷል። ሽማግሌዎቹ መክረዋል፣ የንስሐ አባታችሁ መክረዋል፣ አክስታችን ሳትቀር፣ እሷ ራሷ ሁለት ባል ፈትታ፣ መክራሻለች። እኔ ስለ ምሳ ልምከርሽ።

ባልና ሚስት ጉዞ ላይ በትልቅ ነገር አይጣሉም። የሚጣሉት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው። ቁርስ በጠዋት ተበልቷል፤ ምሳ «ትንሽ እንሂድና» እየተባለ ሁለት ከተማ አልፏል፤ አንዱ «እዚህች እንቁም» ሲል ሌላው «ወደፊት የተሻለ ቤት አለ» ብሏል። ከዚያ በኋላ ጠቡ በመስኮት ይጀመራል፤ ይከፈት አይከፈት ይባላል። ከመስኮት ተነስቶ አማት ጋ ለመድረስ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ስለዚህ ገና ከሰፈራችን ከቡልቡላ ሳትወጡ ተስማሙ፦ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የትም ብትደርሱ ምሳ ይበላል። «የተሻለ ቤት አለ» ያለ ሰው የዚያን ቀን ሒሳብ ይክፈል።

እስቲ ወደ ድሬዳዋ የምትበሩበትን ትኬት አሳዪኝ። 07:00 ይላል። ይኼ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ታውቂያለሽ አይደል? «አውቃለሁ» ትላለች ሁሉም። እዚሁ ሰፈር 93 ማዞሪያ ጋ ያሉት ባልና ሚስትም ያውቁ ነበር። ትኬቱን የቆረጠው ባልየው ነው፤ ለሚስቱ በስልክ «ሰባት ሰዓት ነው» ብሎ ነገራት፣ ከዚያ እሱም የራሱን ቃል አመነ። በበረራው ቀን ጠዋት እሷ ጸጉሯን ታጥባ በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣለች፣ እሱ ቡናውን ይዞ ቆሟል፤ አውሮፕላን በላያቸው አለፈ። ቀና ብሎ አየና «ከሰዓት እኛም እንዲህ ነን!» አላት። ያለፈው የራሳቸው አውሮፕላን ነበር። ይኼው እስከ ዛሬ፣ አንድ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሚስትየው ቀና ትልና «እኛም እንዲህ ነን» ትለዋለች። እሱም ዝም ብሎ ቡናውን ይጠጣል። ቡልቡላ ደግሞ በቀን ስንት አውሮፕላን እንደሚያልፍ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ሰፈራችን ራሱ ያታልላል። አጥሩ ሥር ስለምንኖር አየር ማረፊያው ጎረቤታችን ይመስለናል። መግቢያው ግን በወዲያኛው ወገን ነው፤ ዙሪያውን ዞራችሁ፣ የቦሌን መጨናነቅ ቀምሳችሁ ነው የምትደርሱት። ድምፁን የሰማሽው ሁሉ ቅርብ እንዳይመስልሽ። በሌሊት ተነሱ።

የሆቴሉንም ቀን አጣሪ። ጃንዋሪ 20 ማለት ጥር 12 ነው፤ ጥር 20 ደግሞ ጃንዋሪ 28። በሠርግ ወር ይህችን የስምንት ቀን ልዩነት የሳተ ሙሽራ አውቃለሁ። ሻንጣ እየጎተተ፣ ሚስቱ በሂና እጇ አበባ ይዛ፣ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆመ። ልጅቷ ኮምፒዩተሩን አየችና፣ እንዴት እንደምትነግራቸው ቸግሯት፣ «እናንተ እኮ ወጥታችኋል» አለቻቸው። በወረቀቱ መሠረት ጫጉላቸው ሳምንት አልፎታል።

አሁን ደግሞ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አምጪልኝ። በጥር የተዳረ ሰው ጫጉላው ላይ የነነዌ ጾም ትመጣበታለች። ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ በአንዱ ሰኞ ትገባለች። ሦስት ቀን ብቻ ናት፤ ከአንድ ሳምንት ጫጉላ ላይ ሦስት ቀን ሲነሳ ግን ምን እንደሚተርፍ አስቢው። ከእሷ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሁዳዴ ነው፣ 55 ቀን። ረቡዕና ዓርብን ሳልቆጥር ነው ይኼ። ማን ምን እንደሚጾም ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ሳይሆን እዚህ ቤት ተነጋገሩ። የማውቃቸው ባልና ሚስት ባሕር ዳር ሄደው፣ ዓርብ ቀን ጣና ዳር ተቀምጠው፣ አንድ ትልቅ የተጠበሰ ቆሮሶ ፊታቸው ቀረበ። እሱ «ዓሣ ጾም ነው» አለ፤ እሷ «አይደለም» አለች። አስተናጋጁን ጠየቁት፣ እሱ በዘዴ ወደ ኩሽና ገባ። ጎን ካለው ገበታ አንድ ዲያቆን ነኝ ባይ ተነስቶ ክርክሩን ከሥሩ ጀመረው። ስለ ሐዋርያትም ተነሳ፣ ስለ ደምም ተነሳ። በመጨረሻ ያሸነፈችው ድመቷ ናት፤ ዓሣውን ከነጭራው ይዛ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። እናንተ እንደ ሃይማኖታችሁ አድርጉ፤ ብቻ ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ይሁን።

ስንቅ ያዙ። ግን ያ የምሳ ዕቃ ምንድን ነው? ዶሮ ወጥ? ከአማትሽ ነው? አውጪው፣ እኔ እበላዋለሁ፣ ለእሷም «መንገድ ላይ በላነው፣ እጅሽ ይባረክ» ትያታለሽ። ዶሮ ወጥ መኪና አያውቅም። ከቅልቅል የተረፈ ዶሮ ወጥ ከኋላ ወንበር ጭነው ወደ ደቡብ የወረዱ ዘመዶቻችን ሻሸመኔ ሳይደርሱ ከብት መንገድ ገባባቸው። ፍሬን ሲያዝ ክዳኑ ተከፈተ። እንቁላሎቹ ተንከባለው ፊት ወንበር ሥር ገቡ፣ ቁሌቱ የሙሽራውን ነጭ ሸሚዝ ከነኮሌታው አለበሰው። እንቁላሎቹን ለቅመው ሲቆጥሩ አንዱ ጎደለ። እሱ በሳምንቱ በጠረኑ ራሱን አሳወቀ። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከዐፄ ምኒልክ ጋር ዓድዋ ድረስ ሲዘምቱ ወታደሩ የተሸከመው በሶና ድርቆሽ፣ ቋንጣና ቆሎ ነበር። ደረቅ ነገር መንገድ ይችላል። አንቺም የእማዬን ዳቦ ቆሎ ያዢ፣ በሶ ያዢ፤ ዳቦ ቆሎውን ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አትቅበሪው፤ እጅሽ የሚደርስበት ቦታ፣ ፊት ወንበር ላይ ይሁን። ለዚያች ለ8 ሰዓቷ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ባልሽን ቃል አስገቢው፦ ጥብስ አይታዘዝም። እዚህ ቦሌ ስንት ጥብስ ቤት አለ? 500 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ዓሣ አገር ገብቶ፣ ዝርዝሩን ሳያይ «ጥብስ አለ?» የሚል ሰው ያበሳጨኛል። አለ እንጂ፣ የት ይጠፋል! የጥብሱ ክፋት አይደለም። ያ ሰው ከተማ ቀየረ እንጂ ከቤቱ አልወጣም። ሁለታችሁም አንድ ዓይነት አትዘዙ። አንዳችሁ የምታውቁትን፣ አንዳችሁ የማታውቁትን እዘዙ፣ በማግስቱ ተራ ቀይሩ። የማይታወቀው ከከፋ አንድ ገበታ ይተርፋችኋል፤ ከጣመ ደግሞ መጎራረስ ነው፣ ሙሽሮች አይደላችሁ?

ወደ ደቡብ በመኪና፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ስትወጡ ፈጣኑ መንገድ ላይ ትገባላችሁ፤ ከሞጆም እስከ ባቱ እንደዚያው ነው። ስለ መንገዱ ሁኔታ ዘወትር የሚመላለስ ሾፌር ጠይቁ፣ ሲመሽ አትንዱ፣ ሌላ የምለው የለኝም። ባቱ ላይ ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ነው የሚቀርበው፤ ለምሳ ቁሙ፣ ጉላሹን ወይም የተጠበሰውን እዘዙ። ዳክዬና ይብራ ለማየት ወደ ውኃው ብትወርዱም እግራችሁን አትንከሩ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። መዋኘት ካማራችሁ ላንጋኖ ጥቂት ወደፊት ነው። ውኃው ቡናማ ሆኖ አይታችሁ አትናቁት፤ ሰው የሚዋኝበት ሐይቅ እሱ ነው።

ሐዋሳ ሳይመሽ ትደርሳላችሁ፤ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው። ማታውን ሐይቅ ዳር ተንሸራሸሩ። ቁም ነገሩ ጠዋት ነው። ባልሽ «ጫጉላ ላይ ማን በጠዋት ይነሳል?» ይልሻል። ቀስቅሺው። አሞራ ገደል ከረፈደ በኋላ ዓሣውም ወሬውም ያልቃል። ጀልባዎቹ ሌሊት ያጠመዱትን ያራግፋሉ፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው ቅርፊቱን በፍጥነት ይገፉታል፣ አንጀቱን ወደ ኋላ ይወረውሩታል። ከኋላ አባ ኮዳ ቆሟል። አባ ኮዳን ፎቶ ላይ አይተሽው ይሆናል፤ አጠገብሽ ሲቆም ግን ሌላ ነው፤ ራሰ በራ፣ ኮሮጆውን አንጠልጥሎ፣ ደረትሽ ድረስ የሚደርስ ወፍ ነው። አይነክስሽም፣ ግን ቦታም አይለቅልሽም። የአንዱ ጓደኛችን ሚስት ፎቶ ልትነሳ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ጀርባዋ ለስላሳ ነገር ነካት። ባሏ መስሏት ተደገፈችው። ባሏ እኮ ካሜራውን ይዞ ፊቷ ቆሟል።

እዚያ ጥሬ ዓሣ ይቀርብላችኋል። ቆሮሶውን በቀጭኑ ይቆርጡታል፣ በአዋዜና በሚጥሚጣ ነው። የለመዱት ሰዎች ቆመው ይበሉታል። በእኛ ቤት ጥሬ ሥጋ የማይበላ የለም፣ ለምን ዓሣው እንደሚያስደነግጠን አላውቅም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፦ ጥሬ ዓሣም እንደ ጥሬ ሥጋው ትል ያስተላልፋል። ድሮ ሰው ጥሬ ሥጋውን በልቶ በየጊዜው ኮሶውን ይጠጣ ነበር፤ ጫጉላ ላይ ኮሶ የሚያምረው ያለ አይመስለኝም። ባልሽ ካማረው አንድ ቁራጭ ይቅመስ፣ አንቺ የዓሣ ሾርባውን ጠጪ። ቃሪያ ጣል ተደርጎበት፣ ትኩሱን፣ ብርድ ላይ ቆመሽ ስትጠጪው ሐዋሳን የምታስታውሺው በእሱ ነው። ከዚያ ሳህናችሁን ይዛችሁ ዛፍ ሥር ከመቀመጣችሁ በፊት ቀና በሉ። ጦጣ አለ። ጉሬዛዎቹ ጨዋ ናቸው፣ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቅጠላቸውን ይበላሉ። ጦጣዎቹ ግን ሰውን ያጠናሉ። ከባልና ሚስት መካከል ስልክ የሚያየው የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ።

ወላይታ ሶዶ ላይ የሥጋ ነገር ነው፤ ቁርጡና ዳጣው ስሙ የወጣ ነው። ረቡዕ ቀን ብትደርሱም ሥጋ ቤቱ አይዘጋም፣ አብዛኛው ሰው ጴንጤ ነው። የሚቸገረው ባልሽ ነው። ሐሙስ እንዲሆን አድርጉት።

አርባ ምንጭ በሻሸመኔ በኩል ከዚህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወባ አለ፤ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቂ፣ የሚቀባውንም ያዢ፤ በሌሊት ቢንቢ እያባረሩ ፍቅር የለም። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ «አዞ ገበያ» ወደሚባለው የአዞዎች መሰብሰቢያ ስትሄዱ ባልሽ ጀልባው ጫፍ ላይ ቆሞ ፎቶ እንዲነሳ አትፍቀጂለት። ሌላው ሌላው እንደ ሁሉም ከተማ ነው። እኔ የምቸኩልብሽ ወደ ዶርዜ ነው።

ሠርግሽ ላይ የለበስሽውን ቀሚስ የሸመነው ምናልባት ዶርዜ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ካሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከእነዚያ ተራሮች የወረዱ ናቸው። እዚያ ስትደርሱ ቤቶቹን ታያላችሁ፤ ከቀርከሃ የተሠሩ፣ ረጃጅም፣ ፊታቸው የዝሆን ግንባርና ኩምቢ የሚመስል። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላውን ይቆርጡና ቤቱ ያጥራል፤ የቆየ ቤት አጭር ነው። ከጓሮው እንሰት አለ። የቤቱ እማማ ይጠሯችኋል፣ አንዷ የእንሰቱን ግንድ በቀርከሃ መፋቂያ ስትፍቀው ታሳይሻለች፣ መፋቂያውን አንቺም እንድትሞክሪው ትሰጥሻለች። ተቀበያት። ሁለት ጊዜ ፍቀሽ ክንድሽ ሲዝል፣ ሸራተን ሂደሽ ክትፎ ላይ «ቆጮው ትንሽ ደርቋል» ያልሽውን ታስታውሻለሽ። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ይገባል፣ ወራት ይቆያል፣ ይቦካል። ከእሱ የሚጨመቀው ነጩ ቡላ ነው። ሲወጣ ሽታ አለው። አፍንጫሽን እንዳትይዢ! ባልሽም እንዳይዝ በክርንሽ ጎሸም አድርጊው። የሴትየዋ የወራት ድካም ነው፣ እዚያ ላይ ፊት ማጨማደድ ነውር ነው።

ከዚያ ሊጡን ጠፍጥፋ፣ በቅጠል ሸፍና፣ ምጣድ ላይ ትጋግረዋለች። የተጋገረው ቆጮ ትኩሱን ሲቀርብ ሽታው የለም፤ የት እንደሄደ እኔንም ይገርመኛል። ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል፦ ማርና ዳጣ። ዳጣው አረንጓዴ ነው፣ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የተወቀጠ። የእኔ ባል እዚያ ሄደን፣ ሰላጣ መስሎት፣ «አትክልቱም አለ» ብሎ በቆጮ ጠቅልሎ ሙሉውን ጎረሰው። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ዓይኑ እምባ አቀረረ። ከዚያ ተነስቶ፣ ጫማውን ሳያደርግ፣ ከዝሆኑ ቤት ወጣ። እማማ ሳቃቸውን በነጠላቸው ከልለው «ውኃ አትስጪው፣ ማር ስጪው» አሉኝ። ቆጮውን በማር እየነከርኩ ሳጎርሰው፣ እምባው እየወረደ «ይኼ ግን ይጣፍጣል» ይላል። ያን ያህል በሠርጋችን ቀንም አላጎረስኩትም። አሁን ቤታችን እንግዳ ሲመጣ ዳጣና ማር ሳያቀርብ አያድርም፣ ማንንም ቀድሞ አያስጠነቅቅም ደግሞ።

ለእዚያ ቀን ጥሬ ብር ያዢ። ባልሽ «ቴሌብር አለኝ» ይልሻል። እሱ አለው፣ ኔትወርኩ ግን ተራራው ላይ አይታመንም። ሁለት ሰዎች ቆጮ በልተው፣ ማር ጨርሰው፣ ነጠላ ገዝተው፣ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ኔትወርክ ሲለምኑ ማየት አሳዛኝ ነው። ኮንሶ ድረስ ከዘለቃችሁ ደግሞ ኩርኩፋ ቅመሱ፤ የማሽላ ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ ነው። መጀመሪያ ሣር ሣር ይላችኋል። ሁለተኛውን ሳህን ግን የሚጠይቀው ባልሽ ነው።

ከደቡብ ተመልሳችሁ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ስትወርዱ ሙቀቱ በር ላይ ይቀበላችኋል፣ በቀጥታ ሚኒባስ ይዛችሁ ሐረር ውጡ፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሽቅብ። መስኮቱ ዳር የተቀመጠው ሰው ብርድ ይመታኛል ብሎ ከዘጋው ዘግቶታል፣ አትከራከሩ፣ ሎሚ ያዢና አሽትቺ። ቁርስ ፈጢራ ነው። ጋጋሪው ሊጡን እያወናጨፈ ሲስበው ነጠላ ያክላል፣ ከዚያ እንቁላሉን አስገብቶ ያጥፈዋል፣ ማር ይፈስበታል። አንድ ለሁለት ይበቃል ቢሉሽ አትመኚ። ሆጃም ጠይቁ፤ ከቡና ገለፈት፣ ወተት ገብቶበት የሚፈላ ነው። ቡና ለምዶ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል፤ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ይጠጣና ሁለተኛ ይጨምራል።

ጀጎል ውስጥ ጊዲር መጋላ ሥጋ ተራው ጋ ስትደርሱ በእጃችሁ ምግብ አትያዙ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ጭላቶች ለውበት አይደለም የተቀመጡት። አንድ ባል የሥጋ ሳምቡሳውን ግማሽ ነክሶ፣ ሌላውን ግማሽ ለሚስቱ «እስቲ ቅመሺው» ብሎ ክንዱን ሲዘረጋ፣ ያ ግማሽ መሬት ሳይነካ ወደ ሰማይ ሄደ። እሷ «የት አለ?» ትላለች፣ እሱ ባዶ እጁን ያያል፣ ገበያው ይስቃል። አንድ ሽማግሌ ቀረቡና «እነሱም ቀረጥ አላቸው» አሏቸው።

ሥጋ ስታዝዙ ደግሞ ጠይቁ። በየሥጋ ቤቱ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ታያላችሁ፤ እሱን አይቶ መግባት ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው ምልክቱን ሳያይ በመዓዛው ብቻ ሲገባ ነው። የባለቤቴ ጓደኛ፣ ዐቢይ ጾም ቢሆን ውኃ እንኳ በሰዓቱ የሚጠጣ ክርስቲያን፣ ጥሩ የሚሸት ቤት ገብቶ «ካላችሁ ሁሉ ጥሩውን» አለ። የቀረበለትን ጨረሰ፣ ደገመ፣ «እንዲህ ለስላሳ የበሬ ሥጋ በልቼ አላውቅም» አለ። ልጁ በኩራት «ግመል ነው፣ ወጣት ግመል» አለው። ሰውየው እጁን ሳይታጠብ ሚስቱን አያት፣ «ለእናቴ እንዳትነግሪያት» ብቻ አላት። ሚስትየው አልነገረችም። ግን በቤታቸው ውስጥ ክርክር ሲበዛ፣ እሷ ቀስ ብላ «ወጣት ግመል» ትላለች፣ ክርክሩ ያበቃል። እናንተም እንዲህ ዓይነት ቃል ሳትይዙ አትመለሱም። ባልሽ አንቺን ዝም የሚያሰኝበት ቃል ይዞ እንዳይመጣ ብቻ ቀድመሽ ጠይቂ።

ማታ ጅብ ማብላቱ አለ። ሥጋውን በእንጨት ጫፍ አድርገው በጥርስ ያስይዙሻል፣ ጅቡ መጥቶ ከእንጨቱ ላይ ይወስዳል። በአብዛኛው የሚደፍሩት ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ «እኔ ቪዲዮ ልያዝ» ይላሉ፣ ቪዲዮው ሲታይ ግን መሬትና የገዛ ጫማቸው ነው የሚታየው። ባልሽ ካልደፈረ እዚያው አትሳቂበት፤ ቡልቡላ ከገባችሁ በኋላ እኔ ሳለሁ ትነግሪኛለሽ።

መድኃኒት ቤት ገብተሽ ያን ለተቅማጥ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ግዢ፣ ከአንድ በላይ ግዢ። ሆድ ሲያመው የማይጨነቅ ወንድ የለም፤ ሲያልፍለት ደግሞ «ምንም አልሆንኩም ነበር» ይላል።

ስትመለሱ መጀመሪያ የእሱ እናት ዘንድ ሂዱ፣ ከዚያ እዚህ ኑ። የአርባ ምንጩን ሙዝ እኩል አካፍዪ፣ የሐረሩን ሐልዋ ደግሞ ሱቁ ላይ በሁለት አስመዝኚው፣ አንዱ ለአማትሽ፣ አንዱ ለእማዬ። እማዬ አንቺን ስታቅፍሽ የሌላኛውን ፌስታል ክብደት በዓይኗ ትመዝነዋለች፣ አምስት ግራም አያመልጣትም። ለእኔ ሐልዋ አልፈልግም። የሐረር ቡና፣ ያልተቆላ፣ ሁለት ኪሎ።